የአንድ ገጽ ጠብ

የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሲያወራ ቃል የሚሰስት ሰው አልነበረም። ጠዋት ከግቢው በር ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ተማረበት ቤት፣ ስለ ጨጓራው ያወራል፤ ሰሚ ሲያጣ ለጠርሙሶቹም ያወራል። ሲጽፍ ግን ቃሉ ከደመወዙ ተቆርጦ የሚወጣ ይመስል ይቆነጥራል። ይህን ሰው ያኔ አልወደድኩትም። ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው፤ አሁንም አልወደውም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ማለት የአገሩ ወግ ነው። እኔን ግን ያድርገኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ሆስፒታላችን ነቀምቴ ሲሆን፣ በወለጋ ትንንሽ ከተሞች የተበተኑ ክሊኒኮች ነበሩት። በእያንዳንዱ ክሊኒክ አንድ ድሬሰር ይቀመጣል። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ደግሞ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። እኔ የሆስፒታሉ የአማርኛ ታይፒስት ነበርኩ።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ነው። ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ በፊት፣ ከባሌ ከተለያየሁ በኋላ፣ የምኖረው ሲሬ ወንድሜ ቤት ነበር። ወንድሜ መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ በሚቆምበት፣ ምግብ ቤት አለው። እዚያ ጓዳ ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ የተሳፋሪ ፍርፋሪ እጠርጋለሁ። ደመወዝ የለ፣ ዕረፍት የለ፤ «እህቴ እኮ ናት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ። እሷም የምትወጣው ሰው ሲጠይቀው ነው። ነቀምቴ ሥራ ሳገኝ አልከለከለኝም። «ሂጂ፤ ሲያባርሩሽ መንገዱን ታውቂዋለሽ» ብሎ ሸኘኝ። እንግዲህ ያ የጽሕፈት መኪና ለኔ ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም።

ኃላፊው ለድሬሰሮቹ መመሪያ ሲያወጣ ሕጉ አንድ ነበር፦ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ምክንያት አልነበረውም አልልም። ማባዣው የሚሠራበት ስቴንስል፣ ያ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መኪናውም ስቴንስሉም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከዚያም በላይ፣ አንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሁለት ገጽ ሲሆን አንዱ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ሁልጊዜ የሚፈለገው ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር ትክክል ነበር። የምጠላው አሠራሩን ነው።

ለያንዳንዱ ሕክምና ቁጥር ሰጠው። ሦስት ቁስል ማሸግ ነው። አሥር ቃጠሎ ነው፤ እዚያ ግን የተጻፈው «እንደ ፫፤ ያለ አዮዲን» ብቻ ነው። አሥራ አንድ የሕፃን ቃጠሎ ነው፦ «እንደ ፲፤ ጨርቁ እንደ ፬።» ልጅ የተቃጠለባት እናት በር ላይ ቆማ ስትጮህ፣ ድሬሰሩ ከአሥራ አንድ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ሦስት ይወጣል፤ ሦስት ደግሞ ውሃው እንዴት እንደሚፈላ ለማወቅ ወደ አንድ ይልከዋል። ከዚያ ለጨርቁ ወደ አራት ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ቤቱ በማይነገር ቋንቋ ነው፤ አብዛኞቹ ድሬሰሮች አማርኛን የሚያውቁት ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ነው፤ እያነበቡ በሆዳቸው ወደ ኦሮምኛ ይመልሱታል። ከነቀምቴ በሚላኩት ጠርሙሶች ላይም ስም ቀርቶ ቁጥር ብቻ እንዲለጠፍ አዘዘ። እሱንም የምጽፈው እኔ ነኝ።

ቁጥሩ በድሬሰሮቹ ዘንድ ብቻ አልቀረም። ወደ በሽተኛውም ተሻገረ። ገበሬው ገበያ ውሎ ወደ ክሊኒኩ በር ጎራ ይልና «ቶርባ» ይላል። ሰባት ማለቱ ነው። ሰባት የወስፋት መድኃኒት ነበር። ሆዴን አመመኝ አይል፣ አይመረመር፤ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ጨለለቂ ሰፈር በተከራየሁበት ቤት አጠገብ ያሉ ሴቶች ልጃቸው ገላውን ሲያክክ ሲያዩ «ይሄስ ሰዴት ያስፈልገዋል» ይባባላሉ። ስምንት ማለታቸው ነው፤ ስምንት የእከክ ፈሳሽ ነው፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። «አያችሁ? ሕዝቡ ራሱ አነበበው» እያለ ግቢውን ዞረ። ሕዝቡ አላነበበም። ሸመደደ እንጂ።

እኔም የራሴን መመሪያ ጻፍኩ። ምሳ ሰዓት ሌላው ሲወጣ እየቀረሁ፣ እያንዳንዱን ሕክምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ወደ ሌላ ቁጥር ሳልልክ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ዘረዘርኩት። ውሃው በያንዳንዱ ሕክምና እንደገና ይፈላል፤ እጁ በያንዳንዱ እንደገና ይታጠባል። ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ለዋና ነርሷ ወስጄ ሰጠኋት። እኛ «ሲስተር» እንላታለን፤ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ የሚፈሯትም ለዚያ ነው። ገጹን አገላበጠችና «ድሬሰሮቹ ለስብሰባ ሲመጡ ይሞከር» አለች።

ተሞከረ። ድሬሰሮቹ በአዳራሹ ዙሪያ ተቀመጡ። ትራስ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቃጠለ ሕፃን ሆነ። የሚሠራው የሲሬው ድሬሰር ነው፤ ሽበት የወረሰው፣ ሁሉም «ኦቦ» እያለ የሚያከብረው ሰው። ሲስተር ከዳር ያለውን አንዱን ድሬሰር «አንተ አልቅስ» አለችው። አለቀሰ። ከልቡ ነበር ያለቀሰው።

መጀመሪያ በኃላፊው ገጽ ሠራ። ግድግዳው ላይ ጥቂት ጊዜ ዓይኑን ወርወር አደረገና ጨረሰ። ቀጥሎ በኔ። የሕፃን ቃጠሎን ገጽ ለማግኘት አገላበጠ። አገኘ። እጁን ታጠበ፤ ከዚያ ገጹን በእርጥብ እጁ ሊገልጥ ሲል ሁለቱ ወረቀት ተጣበቁ። እፍ አለባቸው። አልተላቀቁም። የሚያለቅሰው ድሬሰር ድምፁን ጨመረ።

አንዱ ከኋላ «ልጁ አድጎ ሚስት አገባ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«እሜቴ መጽሐፍ ጽፋለች» አለ ኃላፊው፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ሰዉ ዞሮ። «የቀራት ሽፋን ብቻ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው እኮ ያገኘውን ፊደል ሁሉ ካልተጠቀመበት ይቆጨዋል።»

የሲሬው ድሬሰር አልሳቀም። እጁን እያደረቀ ወደኔ መጣ።

«አዴ፣ ያንቺ ወረቀት ጥሩ ነው» አለኝ በአክብሮት። «ማታ እግሬን ታጥቤ፣ ቤቴ ተቀምጬ የማነበው ነው። ሰው እየጮኸብኝ ግን ማነው ገጽ የሚገልጥልኝ?»

«በአጭሩ ሲሠሩ ደረቅ ጨርቅ ነው ያደረጉበት፣ ኦቦ» አልኩት። «ለሕፃን እርጥብ ነው። አራተኛው ላይ አለ።»

ትራሱን አየው። «አራትን በቃሌ አልያዝኩትም» አለ።

«አንድ ጨርቅ ነው የረሳው!» አለ ኃላፊው። «በዘጠኝ ገጽ ግን ቀብር ላይ ነበርን።»

ሲስተር ዘጠኙን ገጽ አስተካክላ መለሰችልኝ። አጭሩ ይቀጥላል አለች። የተሸነፍኩት በአግባቡ ነው፤ እርጥብ እጅን አላሰብኩም። ይህ ግን ያን ሳቅ አላቀለለልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እሜቴ፣ ምዕራፍ ስንት ደረሰ?» ይለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር ኃላፊው መመሪያውን አሻሻለ። አምስት ቁጥር የነበረው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቅባት መምጣት ስላቆመ ይውጣ አለ፤ በምትኩ አዲስ የጆሮ ጠብታ ይግባ። ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። አነበብኩት። አምስትን አውጥቶ የቀሩትን ወደ ላይ ስቧቸዋል። ስድስት አምስት ሆነ፣ ሰባት ስድስት ሆነ፣ ስምንት ሰባት ሆነ፤ ቃጠሎ ዘጠኝ ሆኖ ጠብታው አሥረኛው ላይ ገባ። በውስጥ ያሉትን «እንደ»ዎች አንዳንዶቹን አስተካክሎ አንዱን ረስቶታል፤ የሕፃን ቃጠሎ አሁን የጆሮ ጠብታ ወዳለበት ቁጥር ይልካል። እሱን ማረም ቀላል ነው። የማይታረመው ሌላው ነው። ሰባት ብሎ የሚመጣው ገበሬ ከእንግዲህ የሚሰጠው የእከክ ፈሳሽ ነው። ይጠጣዋል።

ረቂቁን ይዤ መድኃኒት ክፍል ሄድኩ።

«ቁጥሮቹ ባይነኩ» አልኩት። «አምስትን ባዶ እንተወው፤ ጠብታው መጨረሻ ላይ ይግባ።»

«ጥርሱ የወለቀ መመሪያ አላወጣም» አለኝ። «ቁጥር በተርታ ነው የሚሄድ።»

«ሰባት ብሎ የሚመጣው ሰውስ?»

«ይማራል።»

«ክሊኒኮቹ መደርደሪያ ላይ ያሉት ጠርሙሶችስ? አሮጌው ሰባት የሚጠጣ ነው፤ አዲሱ ሰባት የሚቀባ። ሁለቱ አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።»

«ድሬሰሩ ዓይን የለውም?»

«ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ነዎት ያዘዙት።»

በእጁ የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየኝ።

«ስሚኝ፣ እሜቴ። ቁጥሩን ማን አወጣው? እኔ። ማን ይለውጠዋል? እኔ። አንቺ የተጻፈውን ትመቻለሽ። ካልጣመሽ ሲሬ የሚታጠብ ሳህን አይጠፋም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ከማን እንደሰማ አላውቅም። ነቀምቴ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የሰው ጓዳ በሌላው አፍ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ለሲስተር እንዳልነግራት ክሊኒኮችን ልትጎበኝ ወጥታለች። ዕቃ የሚያከፋፍለው መኪና በማግስቱ ይነሳል፤ መንገዱ ከመበላሸቱ በፊት የመጨረሻው ጉዞ ነው። ስቴንስልም የቀረን አንድ ብቻ ነበር። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ረቂቁን ዘረጋሁ።

ከአዳራሹ ሳቅ የተማርኩት ነገር ነበር። ገጹ አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ሕክምናውን ሁሉ እንደገና አልዘረዝርም፤ ወደ ሌላ ቁጥር መላኩ ይቅር አልልም። ነገር ግን በያንዳንዱ «እንደ» አጠገብ የሚላክበትን ነገር ስም ባስቀምጥስ? «እንደ ፲» ከሚል «እንደ ፲፣ ቃጠሎ»፤ «ጨርቁ እንደ ፬» ከሚል «ጨርቁ እንደ ፬፣ እርጥብ»። አምስተኛው ቦታ ላይ «፭ የለም» ብዬ ብተውስ? መስመሮቹን ሞከርኩ። አልበቃም። ጥቂት መስመር ጎደለኝ።

ያኔ የገጹን ራስ አየሁት። ጠቅላይ ግዛቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ክፍሉ፤ በነሱ ሥር የኃላፊው ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ማዕረጉ፣ የተማረበት ቤት፤ ከታች ደግሞ ለፊርማው የተተወ ሰፊ ባዶ ቦታ። ለተቃጠለ ሕፃን አንዲት ቃል የነፈገ ሰው ለራሱ የገጹን አንድ አራተኛ ሰጥቶት ነበር። ሁልጊዜ እመታው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

አወጣሁት። ከላይም ከታችም። ገጹ ከነስሞቹ ገባ፤ ትንሽ ቦታም ተረፈው። በስቴንስሉ ላይ አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። አባዛሁት። የጠርሙሶቹንም ወረቀት በአሮጌው ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ስሙን ጨምሬ መታሁ፤ ሰባት፣ የወስፋት፣ የሚጠጣ፤ ስምንት፣ የእከክ፣ የሚቀባ። መኪናው ጠዋት ሄደ።

ኃላፊው ያወቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሊለጥፍ ሲያነሳው። ድምፁን በሁለት ግቢ ማዶ ሰማሁት። ሲስተር እስክትመለስ ድረስ ላገኘው ሁሉ፣ ለዘበኛው ሳይቀር፣ ወረቀቱን እያሳየ «ይህ የማን ነው? ከሰማይ ነው የወረደው?» ሲል ሰነበተ። እኔን አላናገረኝም። እሱ እኔን ያላናገረባቸው ቀናት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የተመቹኝ ነበሩ ብል አልዋሸሁም።

ሲስተር ስትመለስ ሁለታችንንም ጠራችን። ተቀመጡ አላለችንም። ወረቀቱ ፊት ለፊቷ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ የእሱን ረቂቅ አነበበች። ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይህ ወጥቶ ቢሆን ሰው ይጎዳ ነበር» አለችው።

«ድሬሰሮቹን ሰብስቤ አስረዳ ነበር» አለ። «በዚያም ላይ ሲስተር፣ ጉዳዩ እሱ አይደለም። ስሜን ሰርዛለች። ታይፒስት የኃላፊ ስም ሰርዛ መንግሥት ባለበት አገር ወረቀት በተነች።»

«ለምን ሰረዝሽው?» አለችኝ።

«ቦታ አጣሁ።»

«ቦታ!» አለ። «ቀኑስ? ቀኑንም ቦታ አጥተሽ ነው? ሲስተር ይመልከቱት፤ ቀን የለውም። ቀኑ ከስሜ አጠገብ ነበር፤ አብሮ ሄደ። ነገ አንድ ድሬሰር ግድግዳ ላይ አሮጌውን፣ መሳቢያ ውስጥ ይህን ቢያገኝ የቱ የቅርብ እንደሆነ በምን ይለያል? በጠረኑ?»

ገጹን አየሁት። ቀን የለውም። ትንሽ ቦታ ተርፎ ነበር፤ ቀን ይበቃው ነበር። ያን ሁሉ ከንቱ ሲያወራ የኖረ ሰው ይህን አንድ ነገር በትክክል መናገሩ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሲስተር መነጽርዋን አወለቀች። «አንድ ሰው ቢጎዳ በዚህ ወረቀት ማንን ነው የምጠይቀው?»

«እኔን» አልኳት።

«አንቺ ታይፒስት ነሽ። አንቺን ብጠይቅ መታሁት ከማለት ሌላ ምን ትይኛለሽ?» ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችው። «ወረቀቱ ሄዷል፤ ስቴንስልም የለም፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ይቀመጥ። ቀኑን በእጃቸው እንዲጽፉበት በመገናኛ ሬዲዮው ይነገራቸው። አንቺ ግን ከጽሕፈት መኪናው ትነሻለሽ። ባለቤቱን ሳትነግሪ ሥራውን የምትለውጪ ሰው፣ ሥራው ቢያምርም፣ እዚያ ላስቀምጥ አልችልም። ልብስ ማጠቢያው ሰው ይፈልጋል። ካልፈለግሽ ደመወዝሽን ተቀብለሽ መሄድ ነው።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። ለእሱም ዞረችለት። «እርስዎም ከእንግዲህ ቁጥር ከመንካትዎ በፊት ለኔ ያሳዩኛል።» ፈገግታው በከፊል ቀረ። ለኔ በቂ አልነበረም።

ልብስ ማጠቢያው ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጭስ የሞላበት ቤት ነው። አንሶላ ይቀቀላል፤ ደም ያለበት ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው። እጄ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተላጠ። በኔ ወንበር ላይ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ተቀመጠች፤ ደህና ልጅ ናት፤ የታዘዘችውን ትመታለች። ስቴንስል ሲመጣ መመሪያው እንደገና ወጣ። ጠቅላይ ግዛቱ ተመለሰ፤ ሆስፒታሉ ተመለሰ፤ የኃላፊው ስም ከነአያቱ ተመለሰ፤ ቀንም አለው። ቦታ ለማግኘት ከየ«እንደ»ው አጠገብ ያስቀመጥኳቸው ስሞች ወጡ። «፭ የለም» የምትለዋ መስመር ግን አልወጣችም። ኃላፊው ሊያወጣት ፈልጎ ነበር አሉ፤ በስብሰባ ላይ የሲሬው ድሬሰር ተነስቶ «ጌታዬ፣ እኛ አገር ቶርባ ቶርባ ነው። ቢቀየር ሕዝቡን እርስዎ መጥተው ያስተምሩልን» ብሎ ተቀመጠ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ኃላፊው በዚያ ዝናብ ሲሬ ድረስ መሄድ አልፈለገም።

ወንድሜ የሰማው ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው። ቅዳሜ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ጭቃውን እየዘለለ፣ ማጠቢያው በር ላይ ቆመ። እጄ እስከ ክርን ውሃ ውስጥ ነበር።

«ለዚህ ነው የተማርሽው?» አለኝ።

«ለዚህ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ማጠብ ከሆነ እኔም ዘንድ አለ። ቢያንስ የሰው ቤት አይደለም።»

«አንተ ዘንድ ስንት ነው የሚከፈለው?»

«እህቴ እኮ ነሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እዚህ ግን የማንም እህት አይደለሁም፤ ወር ሲደርስ ይከፍሉኛል።»

አጠገቤ የምትሠራው ሴት ባልዲ አንስታ በመሀላችን አለፈችና ጫማው ላይ ረጨችበት፤ ይቅርታም አላለችውም። ረግሞን ሄደ። እኔ አንሶላውን ጨመቅኩትና አንዱን ጫፍ ያዢልኝ አልኳት።